ሦስት ያርድ ሲቀር

«ሦስት ያርድ! ሦስት ያርድ እኮ ናት! እኔ ራሴ በዚህ በተበላሸ ጉልበቴ ኳሷን ታቅፌ ተንፏቅቄ እገባ ነበር!»

ክሊተስ ሃጊንስ ይህን ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ሲኒዎቹ ሁሉ ዘለሉ። እሁድ እኩለ ቀን ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መውጣቱ ነበር። ሰባኪው አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ይቅርታ ሰብኮናል፤ የከተማችን የታልበርት ሰው ግን ሰባኪውን እያመሰገነ ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሰቀል ሰው መፈለግ ጀመረ።

እኔ ቬርና እባላለሁ። በካስዌል ቁርስ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኔልዳ ካስዌል ባለቤት፣ እኔ አስተናጋጅ። የዚያን ሰሞን ነገር ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ግማሹን ኔልዳ ራሷ ቆይታ ነግራኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሌጃችን በፉትቦል፣ በዚያ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት ጨዋታ፣ በዌስትሌክ ሃያ አንድ ለአሥራ ሰባት ተሸነፈ። ሽንፈት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ይህኛው ግን ሌላ ነው። አሥራ አንድ ሴኮንድ ቀርቶ ኳሱ በእጃችን ነበር፣ የግብ መስመሩም ሦስት ያርድ ላይ። በመላው አላባማ አቻ የለውም የሚባል ግዙፍ ሯጭ አለን። ኳሱን ለእሱ ሰጥቶ በመሃል መግፋት፣ በቃ። እኛ ግን ወረወርን። አንድ የዌስትሌክ ልጅ መሃል ገብቶ ቀለባት። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የዚያን ቀን ሰማሁ።

«ዳኛውም አለበት» አለች ሚስ ኢርማ። የግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረች ጡረተኛ አስተማሪ ናት። «ከዚያ በፊት የነበረውን ጥፋት ዓይኑ እያየ አለፈው። እኔ መነጽሬን አውልቄ እንኳ ታይቶኛል።»

«ሚስ ኢርማ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳኛ ነው የሚወቅሱት» አላት ፀጉር አስተካካዩ ፍሎይድ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስላጠፉ ነዋ!»

ፍሎይድ ትኩሱን የቢስኩት ዳቦ ነጭ ስጎ ውስጥ እየነከረ ራሱን ነቀነቀ። «እኔን የገረመኝ እነዚያ ከፊት የሚቆሙት አምስቱ ግዙፎች ናቸው። ውርወራ ከሆነ ቆመው ልጁን መከለል አልነበረባቸውም? ምን ሆነው ነው እንደ ኮርማ ወደፊት የሚገፉት?»

«ያሠለጠናቸው ሰው ደንቆሮ ስለሆነ ነዋ!» ክሊተስ ጮኸ። «ኤሜት ፕሩይት! የእኔ ልጅ ምን ያድርግ? ወርውር አሉት፣ ወረወረ። ዌስሊ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው!»

ዌስሊ ሃጊንስ የክሊተስ አንድ ልጁ ነው። የቡድናችን ኳርተርባክ፣ ኳሱን ተቀብሎ ለሯጩ የሚሰጠው ወይም የሚወረውረው እሱ ነው። ኤሜት ፕሩይት ደግሞ የማጥቃቱን ጨዋታ የሚያዘው ምክትል አሠልጣኝ።

ክሊተስ ዞር ብሎ በመስኮቱ ጥግ ለብቻው የተቀመጠውን ሽማግሌ ተመለከተ። «ኮች፣ እስቲ አንተ ፍረድ። አንተ ብትሆን ምን ታዝ ነበር?»

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ያ ሽማግሌ ቡፎርድ ካስዌል ነው፣ የኔልዳ አባት። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ሥራ ሠርቷል። ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት ግን «አመሰግናለን» ብለው አሰናበቱትና ወንበሩን ከኬንታኪ ለመጣው ለኤሜት ፕሩይት ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በኤሜት ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ስሙንም ጠርቶ አያውቅም።

ቡፎርድ ሲኒውን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ አልነበርኩም» አለ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ሰማችሁ? እሱ ቢኖር ኖሮ!» እያለ ክሊተስ ወደ ሁላችን ዞረ።

ኔልዳ ከባንኮኒው ኋላ ቡና እየቀዳች ነበር። ቡናው ከሲኒው አልፎ ሳህኑን ሞልቶ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ አላወቀችም። ዓይኗ በባንኮኒው ጫፍ ያለው ባዶ መቀመጫ ላይ ነበር። ያ መቀመጫ የማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እጇ መቃጠሉን ነግሬያት ወደ ጓዳ ወሰድኳት። ያለቀሰችው ግን ለእጇ አልነበረም።

*

ኔልዳ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ኤሜት ከተማችን ከገባ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ሲያልፍ፣ ሰው ሲበተን ይመጣ ነበር። ሌላ ቦታ ሰው ደህና ፊት አያሳየውም። ኔልዳም አታሳየውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህኑን ዘጭ አድርጋ ታስቀምጥና ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ሳህኑን ጠርጎ ይበላና «አመሰግናለሁ ሚስ ካስዌል» ብሎ ይወጣል። አንድም ቀን አልተቀየመም። እሷን ያበገናት ይኸው አለመቀየሙ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ አንድ ከሰዓት የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እየሮጡ መስኮት የሌለው የዱቄት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። መብራት ጠፋ። ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ ኔልዳ የሆነ እጅ ያዘች። ነፋሱ ካለፈ በኋላም አልለቀቀችውም።

«የአባትሽን ወንበር እንደምወስድ አላወቅኩም ነበር» አላት በጨለማው ውስጥ። «ሥራ አለ ተባልኩ፣ መጣሁ። እዚህ ደርሼ ማን እንደነበረ ስሰማ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አባትሽ የነደፋቸውን ጨዋታዎች ወጣት ሳለሁ በደብተሬ እየገለበጥኩ ነው የተማርኳቸው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት ወር በድብቅ ተገናኙ። ወንዙን ተሻግረው፣ ማንም በማያውቃቸው ከተማ፣ በፓርክ አግዳሚ ላይ። እኛ ቤት ሲመጣ ግን አሁንም «ሚስ ካስዌል» ነው። ዓይኑን ከሳህኑ ቀና ሲያደርግ እሷ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ አንገቷ ግን ቀይ ይሆናል። እኔ ዕውር አይደለሁም።

«ለአባቴ እስክነግረው ታገሠኝ» ትለዋለች ሁልጊዜ። እሱም ይታገሣል።

ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለችለት። ልታጽናናው ነበር። ግን ልጅ ሆና ከአባቷ ጎን ቆማ ኳስ ስትለቅም ያደገች ናት፤ ሽንፈቱ ከእሷም አልወጣም።

«ለምን ወረወርክ ኤሜት?» አለችው። «ሦስት ያርድ ላይ? አባቴ ቢሆን ያስሮጠው ነበር።»



«አዎ» አለ ኤሜት። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እንደዚህ ብቻ? ምክንያት የለህም?»

«የለኝም ኔልዳ። ደህና እደሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰባት ወር ሙሉ ሲሰናበታት «የኔ ማር» ሳይላት ቀርቶ አያውቅም። ተናደደችበት። ከንዴቷ ሥር ግን አንድ የማታውቀው ብርድ ተቀመጠ።

*

እሁድ ከሰዓት ቤቱን ዘግተን ኔልዳ ወደ አባቷ ሄደች። ቡፎርድ ሬዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል። ከሽንፈት በኋላ ሰው እየደወለ የሚሳደብበት ፕሮግራም አለን። የዚያን ቀን ኤሜት ሳይጠሩት ስቱዲዮ ድረስ መጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ተሰማ፣ ድምፁ ደርቋል። «ያንን ውርወራ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ የታዘዙትን ፈጽመዋል። ማንም ሌላ ሰው አትጥሩ።»

የመጀመሪያው ደዋይ «ሻንጣህን አዘጋጅ» አለው። ሁለተኛው ደዋይ በሬዲዮ የማይባል ነገር አለው። ቡፎርድ ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያም የጨዋታውን ቪዲዮ ክር አስገባ፤ ያቺን የመጨረሻ ጨዋታ አሳለፈ፣ መለሰ፣ እንደገና አሳለፈ። ስድስት ጊዜ።

«አባዬ፣ ምን እየፈለግክ ነው?»

ማሽኑን እንደገና መለሰው። በሰባተኛው ጊዜ ኔልዳ አብራው አየች። አምስቱ ግዙፎች ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ወደፊት ይገፋሉ። ሯጩ ኳስ ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ይመጣል። ለሩጫ ነው የተነሱት። ሁሉም ለሩጫ! ዌስሊ ብቻ፣ ኳሱን ከመቀበሉ በፊት፣ ጫፍ ላይ ወደቆመው ጓደኛው ዞሮ የራስ ቁሩን በሁለት ጣት ሁለት ጊዜ ነካ።

ኔልዳ ያንን ምልክት ታውቀዋለች። ክረምቱን በሙሉ የአባቷን ልብስ ስታሰጣ በኋላ ግቢው አይታዋለች። አባቷ ዌስሊን በድብቅ ያሠለጥነው ነበር፤ ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ሽማግሌውም ሥራ ፈትቶ ሊሞት ነበር። «መሃሉን ከደፈኑት አትግባ፤ ጓደኛህን ጠቁመውና በላያቸው ወርውር» ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች።

«ሩጫ ነው የታዘዘው» አለች ቀስ ብላ። «ኤሜት ሩጫ ነው ያዘዘው። ልጁ ነው የቀየረው። በአንተ ምልክት።»

ቡፎርድ ማሽኑን አቆመው። ዌስሊ ሁለት ጣቱ የራስ ቁሩ ላይ እንዳለ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«አንተ ዛሬ እዚያ ተቀምጠህ ‹እኔ አልነበርኩም› አልክ!»

«ምን ልበል? የክሊተስ ልጅ ነው ያጠፋው ልበል? በቁሙ ይበሉታል።»

«ልጁን አትጥራው። ራስህን ጥራ!»

«ያ ሰው ወንበሬን ወሰደ፣ ኔልዳ» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሃያ ሁለት ዓመት! አሁን ደግሞ እኔ ተነስቼ ከተማው ፊት ላድነው?»

«እሱ ግን አንተን እያዳነህ ነው! ምልክቱን ያውቀዋል። የአንተን ጨዋታ በደብተሩ ገልብጦ ነው የተማረው!»

ካለችው በኋላ ነው የተናገረችው የገባት። ቡፎርድ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ይህን አንቺ በምን አወቅሽ?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ሽማግሌው ዓመታት የሰው ዓይን እያነበበ የኖረ ሰው ነው፤ የተጋጣሚን ሐሳብ ከዓይኑ ያነብ ነበር። አነበባት። ፊቱ ላይ የመጣው ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። የመጣው ግን ድካም ነው፤ በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ያረጀ መሰላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ «አባቴ ቢሆን ያስሮጠው ነበር» ያለችውን ቃል ደጋግማ ሰማችው፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ማታ ቤቷ ሆና ለኤሜት ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም።

*

ሰኞ ማለዳ የቁርስ ቤቱን በር ስንከፍት ከሥሩ ፖስታ ገብቶ አገኘን። ኔልዳ ቆማ አነበበችው። ከዓመታት በኋላ ለእኔም አሳይታኛለች፤ እንዲህ ይላል፦

«ኔልዳ፣ ትናንት ስልኩን አላነሳሁልሽም። አንቺ ስትጠይቂኝ መዋሸት አልችልም፣ እውነቱን መናገርም አልችልም። የጨዋታውን ክር አባትሽ ቤት ካየሽው ግን ታውቂዋለሽ። ካወቅሽ ይህንን እለምንሻለሁ፣ ዝም በይ። ዌስሊ ቅዳሜ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ መተንፈስ አቅቶት ነበር። እኔ ሥራዬን ቢነጥቁኝ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። እሱ ግን እዚሁ መኖር አለበት፤ እነዚሁ ሰዎች መካከል ማግባት፣ መውለድ፣ ማርጀት አለበት። ሦስት ያርድን እስከ ሽምግልናው ተሸክሞ እንዲዞር አልፈልግም። አባትሽም ያስተማረው ስህተት አይደለም፣ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ልጁ አንድ ሴኮንድ ዘገየ እንጂ።

ነገ ማታ የኮሌጁ ቦርድ በእኔ ጉዳይ ይሰበሰባል። እስከዚያ እናንተ ቤት አልመጣም፣ ስምሽ ከስሜ ጋር እንዳይነሳ። ቅዳሜ ያልሽኝን አልተቀየምኩሽም። ግን ሰው ሁሉ ሲለው ያላመመኝ ነገር አንቺ ስትዪው አመመኝ። ይህን ባልጽፈው ውሸታም እሆንብሻለሁ። ኤሜት።»

ኔልዳ ወረቀቱን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ምድጃውን ለኮሰች፣ እንቁላል ሰበረች፣ ቤከን ደረደረች። እኔም አልጠየቅኳትም፤ አንዳንድ ፊት አለ፣ ሲያዩት አፍ የሚያዘጋ።

*

ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሞላ። ክሊተስ ረጅም ወረቀት ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። «ኤሜት ፕሩይት ዛሬውኑ ይባረር» ይላል ከላይ፤ ከሥሩ ስልሳ ምናምን ፊርማ አለ። ፍሎይድ ፈርሟል። ሚስ ኢርማ አንድ የፊደል ስህተት አርማ መለሰችለት እንጂ አልፈረመችም። ቡፎርድ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጧል፤ ያዘዘውን ምግብ አልነካውም።

ክሊተስ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ፣ ኔልዳ ፊት ዘረጋው። «የኮች ካስዌል ልጅ ፊርማ ከሁሉም በላይ ይታያል። ነይ ማሬ፣ እዚህ ላይ።»

«አልፈርምም ሚስተር ክሊተስ።»

«ሥራ በዝቶብሽ ነው?»

«አይደለም። አልፈርምም።»

የሹካው ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ። ክሊተስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ምነው? አባትሽን ከሥራው ያፈናቀለ ሰው እኮ ነው። ጨዋታችንን የገደለ ሰው ነው። ልጄ ከቅዳሜ ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣም፤ በዚያ ሰው ትዕዛዝ የተነሳ እህል አልቀመሰም! ለእንዲህ ያለ ሰው የምትቆሚበት ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ምክንያት ንገሪኝ።»

ኔልዳ አባቷን አየችው። አባቷ ሳህኑን አየ። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ጣት፣ የራስ ቁር፣ አምስት ግዙፎች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወረቀቱን ጨበጠችው፣ እስኪጨማደድ ድረስ።

«ምክንያቱ» አለች፣ «ስለምወደው ነው።»

ክሊተስ ብዕሩ እጁ ላይ እንዳለ ወደ ፊቷ ተጠጋ።

«ምን አልሽ?»

«እወደዋለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ። ተደብቄ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ አልደበቅም። ደግ ሰው ነው። እናንተ ስለ እሱ የማታውቁት ብዙ ነገር አለ፤ እኔ ግን የምነግራችሁ ይህችን ብቻ ነው። ፈርሙ፣ ዛሬም ነገም ፈርሙ። የእኔን ስም ግን አታገኙም።»

ክሊተስ ፊቱ ቀላ። «ለካ! እኛ ጨዋታ ስንቀማ አንቺ ባል ለቅመሻል!»

«ክሊተስ ሃጊንስ!» ሚስ ኢርማ በዚያ በአስተማሪነት ድምጿ ጮኸችበት። «አፍህን ሰብስብ!»

እሱ ግን ወደ ጥጉ ዞሯል። «ኮች! ሰምተሃል? ወንበርህን የወሰደው ሰው ልጅህንም ወስዷል! ዝም ብለህ ልታይ ነው?»

ቡፎርድ ካስዌል ተነሳ። ጉልበቱ ስለሚያመው ሲነሳ ጊዜ ይወስድበታል፤ ያን ጊዜ የወሰደበት ጊዜ ግን በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ረዥሙ ነው። እየተራመደ መጣ። ኔልዳ ትከሻዋን ሰበሰበች፣ በጥፊ ሊመቷት እንደሆነ ሕፃን። ቡፎርድ አላያትም። ለክሊተስ እጁን ዘረጋ።

«ብዕሩን አምጣ።»

«ይኸዋ!» አለ ክሊተስ ወደ ሰው ዞሮ። «ይኸዋ ወንድ!»

ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። የኤሜት ፕሩይትን ስም ሰረዘው። ከላዩ፣ በትልልቁ፣ «ቡፎርድ ካስዌል» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ ክሊተስ ገፋው።

«ያ ጨዋታ የእኔ ነው» አለ። «ፕሩይት ሩጫ ነው ያዘዘው። ክሩን ደግማችሁ እዩት፣ አምስቱ ልጆች ለሩጫ ነው የሚገፉት። መሃሉ ሲደፈን መወርወርን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በክረምቱ፣ በግቢዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሰውየው ይህን ያውቃል። ያውቃል፣ ግን በሬዲዮ ቀርቦ ስድባችሁን ጠጣ። እኔ ደግሞ ትናንት እዚያ ተቀምጬ ጭብጨባችሁን ጠጣሁ።»

ክሊተስ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ ልጁን በጭነት መኪናው እየጫነ ወደ ቡፎርድ ግቢ ያደረሰው ማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ከፊቱ ላይ አየነው። እሱ ራሱ ነው።

«ኮች» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ዌስሊ ነው?»

«ስም አልጠራሁም።»

«ዌስሊ ነው የቀየረው?»

«ክሊተስ፣ ስም አልጠራሁም። አንተም አትጥራ።»

ያ ግዙፍ ሰው ባንኮኒው ሥር ባለው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። «በሩን ባንኳኳ አይከፍትልኝም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆሜ ያንን ሰውዬ ስረግም ነው የዋልኩት። ልጄ ያንን ሁሉ ይሰማል። እያንዳንዷን ቃል ይሰማ ነበር።» ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሚስ ኢርማ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ፍሎይድ ወረቀቱን አንስቶ አጠፈውና ኪሱ ከተተው፤ የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አናውቅም።

ቡፎርድ አሁን ብቻ ወደ ልጁ ዞረ።

«ሰባት ወር?»

«ሰባት ወር፣ አባዬ።»

«ልትነግሪኝ ፈራሽኝ?»

«ልጎዳህ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ሂጂ እንግዲህ» አላት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ቬርና እንቁላል መጥበስ ታውቃለች።»

*

ማክሰኞ የሆነውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ቦርዱ ተሰበሰበ፣ ለኮሌጁ ገንዘብ የሚያዋጡት ትልልቅ ሰዎችም ሐሳባቸውን ቀድመው ቆርጠው ነበር። ኤሜት እስከ ወቅቱ ማብቂያ ቆይቶ ተሰናበተ። ከወንዙ ማዶ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ሆነ። በግንቦት ተጋቡ፤ ቡፎርድ በከረቫት ታንቆ ልጁን ዳረ። ዌስሊም ወጣ፣ በላ፣ ተጫወተ። ማን እንደቀየረው ያ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ፊት ግን አንስቶት የሚያውቅ የለም። ታልበርት አንድ ነገር ሳታወራ ስትቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኔልዳ ግን ያን ሰኞ ጠዋት ይህን ሁሉ አታውቅም። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ዱቄት እጇ ላይ እንዳለ፣ አራት መንገድ ተሻግራ ሮጣ የኤሜትን በር አንኳኳች። ሲከፍት ጢሙን አልተላጨም። ከኋላው ግማሽ የታሰሩ ካርቶኖች ይታያሉ። ሽርጧን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ።

«ነገርሻቸው?» አለ። «ኔልዳ፣ ልጁን ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ምን አልሻቸው?»

«እንደምወድህ።»

ኤሜት የበሩን እጀታ ያዘ፣ መሬቱ የከዳው ይመስል።

«ለማን?»

«ለሁሉም። ቁርስ ሰዓት ላይ። አባቴም ሰማ።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «አባቴ ‹ጨዋታው የእኔ ነው› ብሎ ተናገረ። እሱ ራሱ፣ በገዛ ፈቃዱ። እኔ ግን የመጣሁት ለዚያ አይደለም። ቅዳሜ ላልኩህ ነው። ሁሉም ሰው ድንጋይ ሲያነሳ የመጀመሪያውን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆንክ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግን መጠየቅ ሲገባኝ ፈረድኩብህ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከተማውን ለቀህ ብትሄድም፣ ይህን ሳትሰማ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ሜዳ ላይ፣ እሁድ በሬዲዮ፣ አንድም ጊዜ ድምፁ ያልተሰበረው ሰው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ከማዶ ያለች ጎረቤት ጋዜጣዋን ልታነሳ ወጥታ እዚያው ሣሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ደክሞኛል፣ የኔ ማር» አላት። «በጣም ደክሞኛል።»

ኔልዳ አቀፈችው። ስትነግረኝ እንዲህ ነው ያለችኝ፦ ሰባት ወር ሙሉ ይህ ሰው ተሸክሟት እንደኖረ፣ ክብደቱን ለእሷ ሲሰጣት ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ገባት። ከባድ ነበር። ግን ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ጠንካራ ሆና ቆማ አታውቅም።